ማጣሪያው ወደ ሰፈር ይምጣ፣ ኃላፊነቱ ግን ሰፈር ላይ አይጣል

አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚሸናው አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ነው፣ አይነ ምድሩ ደግሞ የአመቱ ተደምሮ 50 ሊትር አካባቢ ነው፣ ማለትም ከሰውነታችን የሚወጣው ነገር በጣም ትንሽ ነው። ይቺን ትንሽ ነገር ለመሸኘት ግን የመፀዳጃውን ውሃ መልቀቂያ በተጫንን ቁጥር ከ6 እስከ 9 ሊትር ለመጠጥ የተጣራ ውሃ እንለቅባታለን፣ ከዛ ከሻወሩ፣ ከልብስ ማጠቢያው፣ ከወጥ ቤቱ ውሃ ጋር እናቀላቅላታለን፣ በብዙ ከተማ ደግሞ የዝናቡም የፋብሪካውም ይጨመርበትና ኪሎሜትሮች በቱቦ ተጉዞ ከተማው ጫፍ ሲደርስ አንድ ትልቅ ጣቢያ ሰርተን በብዙ መብራት መልሰን ለመለያየት እንታገላለን። ቀድሞ ሳይቀላቀል ቢቀር ኖሮ ግማሹ ስራ ባልኖረ ነበር።

ይሄን አካሄድ የሚገለብጥ ሀሳብ አለ፣ አዲስም አይደለም ግን አሁን አሁን ከተሞች በጣም እየተለጠጡ ውሃም እያጠረ ሲመጣ በቁም ነገር መወራት ጀምሯል። ፍሳሹን እዛው በተፈጠረበት ህንፃ ወይም ሰፈር ማጣራት፣ ከውስጡም ውሃውን፣ ሙቀቱን፣ ጋዙን እና ማዳበሪያውን ማውጣት። እኔ ሀሳቡን በጣም እደግፈዋለሁ፣ ግን ሲሸጥ የሚነገረው እና ስራ ላይ ሲውል የሚታየው ብዙ ጊዜ ስለሚለያይ ሁለቱንም አብረን እንያቸው። (የምጠቅሳቸው አመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ ናቸው።)

መጀመሪያ ለአሮጌው ሲስተም የሚገባውን ክብር እንስጠው። ለንደን በ1858 ሙቀቷ በበረታበት ወቅት ቴምስ ወንዝ በፍሳሽ ሞልቶ ሽታው ፓርላማውን ሊያዘጋው ሲደርስ ነው ጆሴፍ ባዛልጌት የሚባለው ኢንጂነር ያንን ትልቅ የምድር ውስጥ ቱቦ መዘርጋት የጀመረው፣ ኮሌራም ከዛ በኋላ ከከተማዋ ወጣ። በ1914 ደግሞ ማንቸስተር ላይ አርደርን እና ሎኬት በአየር የሚነፋ ባክቴሪያ ፍሳሽን በሰዓታት ውስጥ ማፅዳት እንደሚችል አሳዩ፣ ዛሬም የአለም ትልልቅ ጣቢያዎች አብዛኞቹ የሚሰሩት በዛው መንገድ ነው። ቱቦ እና ትልቅ ጣቢያ ስንት ሚሊዮን ህይወት አትርፏል፣ ይሄን ማንም መካድ አይችልም።

ችግሩ ይሄ ሲስተም የሚፈልጋቸው ነገሮች ናቸው። ብዙ ውሃ ይፈልጋል፣ ቱቦው ውስጥ ያለው ነገር የሚሄደው ውሃ ሲገፋው ስለሆነ። ቁልቁለት ይፈልጋል፣ ከሌለ ፓምፕ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀድሞ የሚከፈል ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል፣ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ከጠቅላላ ኢንቨስትመንቱ ከግማሽ በላዩን የሚበላው ማጣሪያው ሳይሆን ቱቦው ነው። ዋናው መስመር ሲቀበር ከ30 ወይም 40 አመት በኋላ የሚኖረውን ህዝብ ታስቦ ነው ውፍረቱ የሚወሰነው፣ ስለዚህ እስከዛው ግማሽ ባዶ ሆኖ ይተኛል፣ ከተማው ደግሞ ብዙ ጊዜ ፕላኑ ባሰበው አቅጣጫ አያድግም። ውጤቱ ይታወቃል፣ የአለም ጤና ድርጅት እና ዩኤን ሃቢታት ባወጡት ግምት በ2022 ከአለም የቤት ውስጥ ፍሳሽ 42 በመቶው በደንብ ሳይጣራ ነው ወደ ተፈጥሮ የተለቀቀው፣ በዛው አመት መረጃ ደህንነቱ የተጠበቀ የሳኒቴሽን አገልግሎት የማያገኘው ህዝብ 3.5 ቢሊዮን ነበር። የዘላቂ ልማት ግቦቹ ሳይጣራ የሚለቀቀው በ2030 በግማሽ ይቀንስ ይላሉ። በቱቦ ብቻ እዛ መድረስ የሚቻል አይመስለኝም።

እሺ ሰፈር ላይ ማጣራት ሲባል ምን ማለት ነው? ብዙ ሰው ሴፕቲክ ታንክ ነው የሚመስለው። ሴፕቲክ ታንክ ግን ማዝቀጫ ነው፣ ከባዱ ነገር ወደ ታች ይቀመጣል፣ ቅባቱ ይንሳፈፋል፣ ከሚበሰብሰው ቆሻሻ ከሲሶ እስከ ግማሽ ያህሉ ታንኩ ውስጥ ቢቀር ነው፣ የወጣው ውሃ ገና ፍሳሽ ነው። እኔ እዚህ የማወራው ከአንድ ህንፃ ጀምሮ እስከ ጥቂት ሺህ ሰው የሚኖርበት ሰፈር ድረስ የሚያገለግል፣ ውሃውን እስከ መጨረሻው አፅድቶ እዛው መልሶ የሚጠቀም ሙሉ ማጣሪያ ነው። አይነቱ ብዙ ነው፣ ያለ መብራት በጠጠርና በተክል የሚሰራ አለ፣ ምድር ቤት ውስጥ ተደብቆ ሜምብሬን በሚባል ቀዳዳው በጣም ደቃቅ በሆነ ወንፊት የሚያጣራም አለ።

ግን ከማሽኑ በፊት መታወቅ ያለበት ፍሳሹ ውስጥ ምን የት እንዳለ ነው፣ እኔን በዚህ ርዕስ በጣም የሳበኝም ይሄ ነው። ከአንድ ቤት ከሚወጣው ፍሳሽ ከ60 እስከ 75 በመቶው ከሻወር፣ ከእጅ መታጠቢያ፣ ከልብስ እና ከእቃ ማጠቢያ የሚወጣ ነው፣ ባለሙያዎቹ ግራጫ ውሃ ይሉታል፣ ሳሙናና ቅባት ነው እንጂ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ብዙም የለበትም። ሽንት ደግሞ ከጠቅላላው ፍሳሽ በመጠን አንድ በመቶ ገደማ ብትሆን ነው ግን ከናይትሮጅኑ 80 በመቶ አካባቢ፣ ከፎስፈረሱም ግማሽ ያህሉ እሷ ውስጥ ነው ያለው። አይነ ምድሩ ውስጥ ደግሞ በሽታ አምጪዎቹ እና ጋዝ ሊሆን የሚችለው ካርቦን አለ። ማለትም ሶስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ አንዱ ውሃ ነው፣ አንዱ ማዳበሪያ ነው፣ አንዱ ነዳጅ ነው፣ እኛ ግን አንድ ቱቦ ውስጥ ስናገናኛቸው ሶስቱም አንድ ቆሻሻ ይሆናሉ።

የናይትሮጅኑን ጉዳይ ትንሽ ላራዝመው ምክንያቱም በጣም የሚያስቆጭ ነው። ለማዳበሪያ የሚሆነው ናይትሮጅን ከአየር ላይ የሚወሰደው ሃበር ቦሽ በሚባለው ሂደት ነው፣ ይሄ ሂደት ብቻውን የአለምን ኢነርጂ ከአንድ እስከ ሁለት በመቶ ይበላል ይባላል። ማዳበሪያው እህል ይሆናል፣ እህሉን እንበላለን፣ ናይትሮጅኑ በሽንት ይወጣል፣ ከዛ ማጣሪያ ጣቢያው ላይ ባክቴሪያዎቹ መልሰው ወደ አየር እንዲለቁት በብሎወር አየር እንነፋላቸዋለን፣ አንድ የተለመደ ጣቢያ ከሚጠቀመው መብራት ግማሽ ያህሉ የሚሄደው ለዚህ አየር መንፋት ነው። በኢነርጂ አመጣነው፣ በኢነርጂ መለስነው። በመሀል ደግሞ ናይትረስ ኦክሳይድ ይወጣል፣ ከካርቦንዳይኦክሳይድ ወደ 270 እጥፍ የሚያሞቅ ጋዝ። ፎስፈረስ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፣ ከአየር አይመጣም ከድንጋይ ነው የሚቆፈረው፣ ከሚታወቀው የአለም ክምችት 70 በመቶ ገደማው ሞሮኮ እና ምዕራብ ሰሃራ ውስጥ ነው፣ እኛ ግን ሀይቅ ውስጥ እንደፋውና አልጌ አብቅሎ አሳውን ይጨርሳል።

ስለዚህ ከምንጩ መለየት የሚለው ሀሳብ መጣ፣ ይሄ በሰፈር ደረጃ ካልሆነ በከተማ ደረጃ ለመስራት በጣም ከባድ ነው ምክንያቱም ሁለት ሶስት አይነት ቱቦ በየመንገዱ ሁሉ መቅበር ስለማይቻል። ሆላንድ ውስጥ ስኔክ የምትባል ከተማ በ2006 በ32 ቤቶች ጀመረች፣ መፀዳጃዎቹ እንደ አውሮፕላኑ በቫኪዩም የሚስቡ ናቸው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ነው የሚፈልጉት፣ በኋላ ኖርደርሁክ የሚባል ሰፈር ላይ ወደ ሁለት መቶ ቤቶች አደገ። ሀምቡርግ ደግሞ የንፌልደር አው የሚባለውን የድሮ የጦር ካምፕ ከ800 በላይ ቤት ያለው ሰፈር ስታደርገው በዚሁ መንገድ ነው የሰራችው። ስዊድን ሄልሲንቦርግ ውስጥ ከወደቡ አጠገብ ያለው ኦሻንሃምነን ሰፈር ከሁሉም ርቆ ሄዷል፣ ከየቤቱ ሶስት ቱቦ ይወጣል፣ አንዱ የመፀዳጃ፣ አንዱ የግራጫ ውሃ፣ አንዱ ደግሞ ከሲንኩ ስር ተፈጭቶ የሚሄድ የምግብ ትርፍራፊ፣ ሶስቱም ሬኮላብ የሚባለው በ2021 የተከፈተ ማጣሪያ ላይ ለየብቻ ይስተናገዳሉ።

ቫኪዩም የተፈለገው ለውሃ ቁጠባ ብቻ አይደለም። አየር በሌለበት ታንክ ውስጥ ባዮጋዝ የሚሰሩት ባክቴሪያዎች ወፍራም ነገር ነው የሚፈልጉት፣ በ9 ሊትር ውሃ የቀጠነ ነገር ብትሰጧቸው ታንኩን ለማሞቅ የሚወጣው ኢነርጂ ከጋዙ ይበልጣል። በአንድ ሊትር ሲመጣ ግን ያዋጣል፣ ከምግብ ትርፍራፊ ጋር ሲሆን ደግሞ የበለጠ።

ግን እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር በቁጥር እንየው። አንድ ሰው በቀን ከመፀዳጃውና ከምግብ ትርፍራፊው የሚሰጠው የሚበሰብስ ነገር ለመበስበስ በሚፈልገው ኦክስጅን ሲለካ 120 ግራም ነው እንበል፣ ከዛ 70 በመቶው ወደ ሚቴን (ባዮጋዙ ውስጥ ያለው የሚነደው ጋዝ) ቢቀየር 30 ሊትር የማይሞላ ሚቴን ነው የሚገኘው፣ ይሄ 0.3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። አሁን ደግሞ ሙቀቱን እዩት፣ አንድ ሜትር ኪዩብ ውሃ አንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 1.16 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል፣ ሰውየው 80 ሊትር ሞቅ ያለ ግራጫ ውሃ ቢለቅና እኛ 15 ዲግሪ ብናቀዘቅዘው 1.4 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከጋዙ ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ሙቀቱን ከውሃው የሚስበው ማሽን፣ ሙቀት ፓምፑ፣ ራሱ መብራት ይፈልጋል እሱ መቀነስ አለበት፣ ሙቅ ውሃ ብዙ በማይጠቀሙበት ሞቃት ቦታም ይሄ ሂሳብ ይቀንሳል፣ ግን ቤት ማሞቅ ግድ በሆነበት አገር ትልቁ ሀብት ሁሉም ሰው የሚያወራለት ባዮጋዝ ሳይሆን ማንም ልብ የማይለው ለብ ያለ ውሃ ነው። ይሄ ሙቀት ደግሞ ረጅም ቱቦ ውስጥ ሲጓዝ ለአፈሩ ይሰጣል፣ ከሌላው ውሃ ጋር ሲቀላቀልም ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ለመያዝ ቅርብ መሆን ይጠቅማል። ስቶክሆልም ላይ ሃማርቢ ያለው ጣቢያ ከተጣራ ፍሳሽ ሙቀት ወስዶ ለከተማው ማሞቂያ ይሰጣል፣ እሱ ግዙፍ የማዕከላዊ ጣቢያ ነው፣ በትልቁም በትንሹም ይሰራል ለማለት ነው።

ማዳበሪያውስ? ሽንት ሲጠራቀም ዩሪያው ወደ አሞኒያ ይቀየራል፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ወደ 9 ይወጣል፣ ያ ራሱ ብዙ በሽታ አምጪ ይገድላል፣ የአለም ጤና ድርጅት በ2006 ባወጣው መመሪያ ከበርካታ ቤተሰብ የተጠራቀመ ሽንት በ20 ዲግሪ ወይም ከዛ በላይ ለስድስት ወር ከተቀመጠ ለማንኛውም ሰብል ይሆናል ይላል። ግን ስድስት ወር የሚያህል ታንክ ለአፓርታማ የሚሆን አይደለም። ስዊዘርላንድ ውስጥ ያለው ኢዋግ የሚባል የውሃ ምርምር ተቋም ከደቡብ አፍሪካዋ ኢተክዊኒ ማዘጋጃ ቤት ጋር በሰራው ቩና በሚባል ፕሮጀክት ሽንትን በባክቴሪያ አረጋግቶ፣ በአክቲቬትድ ካርቦን (ቆሻሻ በሚይዝ የከሰል አይነት) የመድኃኒት ቅሪቱን አውጥቶ፣ ውሃውን አትንኖ ኦሪን የሚባል ፈሳሽ ማዳበሪያ አወጣ፣ በ2018 ስዊዘርላንድ ለሚበሉ ተክሎች ጭምር ፈቀደችው። ፓሪስም ሴን ቫንሳን ደ ፖል በሚባለው አዲስ ሰፈር ወደ 600 ቤቶች ሽንት ለብቻ እንዲሰበሰብ እየሰራች ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሽንት የሚለዩ መፀዳጃዎች ግን ብዙ ቦታ ተነቅለዋል፣ ይሄን መደበቅ አያስፈልግም። የሽንቱ ቱቦ ውስጥ ድንጋይ የሚመስል ጨው እየጋገረ ይዘጋል፣ ወንዶች ሁሌ እንዲቀመጡ ይጠይቃል፣ ለማፅዳትም ያስቸግራል፣ ተከራዩ ይሰለቻል በቃ። በ2019 የወጣው አዲስ ዲዛይን ሽንቱ በሳህኑ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ እየወረደ ወደ ስውር ቀዳዳ እንዲገባ ያደርጋል፣ ሰውየው ምንም የተለየ ነገር ማድረግ አይጠበቅበትም። ትክክለኛው መንገድ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ፣ የሰውን ልማድ መቀየር የሚጠይቅ መፀዳጃ መቶ ቤት ውስጥ ይሰራ ይሆናል መቶ ሺህ ቤት ውስጥ ግን አይሰራም።

ውሃውን መልሶ መጠቀም ላይ ደግሞ ልምዱ ረዘም ያለ ነው። ኒውዮርክ ባተሪ ፓርክ ሲቲ ውስጥ ያለው ሶሌር የሚባል የመኖሪያ ህንፃ ከ2003 ጀምሮ ፍሳሹን ምድር ቤቱ ውስጥ በሜምብሬን አጣርቶ ለመፀዳጃ፣ ለማቀዝቀዣው ማማ እና ለአትክልት ይጠቀማል። ሳን ፍራንሲስኮ በ2012 ለዚህ ደንብ አወጣች፣ በ2015 ከ23,000 ካሬ ሜትር በላይ ለሆኑ አዳዲስ ህንፃዎች ግዴታ አደረገችው፣ በኋላ ይሄ መነሻ ወደ 9,300 ካሬ ሜትር ገደማ ወረደ። ደንቡን የምወደው የውሃውን ጥራት ከሚውልበት ስራ ጋር ስለሚያያይዝ ነው፣ መፀዳጃ ለማጠብ የመጠጥ ውሃ አያስፈልግም፣ ሰው ላይ ሊረጭ ለሚችል የአትክልት ውሃ ደግሞ ጠበቅ ያለ ነገር ይፈለጋል።

አደጋውም አለ። ሆላንድ ዩትሬክት አጠገብ ላይድሸ ራይን በሚባል ሰፈር ለመፀዳጃና ለልብስ ማጠቢያ ተብሎ በሁለተኛ ቱቦ የሚመጣ በከፊል የተጣራ ውሃ ነበር፣ በ2001 በአንድ ስህተት ይሄ መስመር ከመጠጥ ውሃው መስመር ጋር ተገናኘና ሰዎች ታመሙ፣ መንግስት በ2003 እንዲህ አይነት ትልልቅ የሁለት መስመር ፕሮጀክቶችን ከለከለ። አንድ የተሳሳተ መገጣጠሚያ የአንድ አገር ፖሊሲ ቀየረ ማለት ነው። ቱቦዎቹን በቀለም መለየት፣ በየጊዜው ግፊቱን እየቀየሩ መፈተሽ፣ ማንኛውም ቧንቧ ሰሪ መጥቶ እንዳይቀጥልበት ማድረግ፣ እነዚህ ትንሽ የሚመስሉ ነገሮች ናቸው ግን ከሜምብሬኑ በላይ ወሳኝ ናቸው። ግራጫ ውሃም ቢሆን ንፁህ አይደለም፣ የህፃን ልብስ የታጠበበት ውሃ ይኖርበታል፣ ሳይጣራ ከአንድ ቀን በላይ ከተቀመጠ ኦክስጅኑ አልቆ ይሸታል።

ከመብራት ነፃ የሆነውን አይነት ችላ ማለት አልፈልግም። ቦርዳ የሚባለው የጀርመን ድርጅት ዴዋትስ እያለ በእስያና በአፍሪካ ብዙ ቦታ ያስፋፋው ሲስተም ማዝቀጫ፣ ከዛ ውሃው ክፍል በክፍል ወደ ታችና ወደ ላይ እያለ የሚያልፍበት አየር የሌለው ታንክ፣ ከዛ ተክል የተተከለበት የጠጠር አልጋ ነው። የሚሽከረከር ነገር የለውም። ባክቴሪያው እስኪለምድ ግን ወራት ይወስዳል፣ ቦታ ይፈልጋል፣ ዝቃጩ በየአንድና ሁለት፣ ቢበዛ በየሶስት አመቱ መመጠጥ አለበት፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስን ብዙም አያወጣም። የመጨረሻው ጉድለት ወንዝ ውስጥ ለሚለቀቅ ውሃ ነው፣ ለመስኖ ከሆነ ግን ጥቅም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። በዚህ ጉዳይ ቴክኖሎጂ አላጠረም። ባንጋሎር ህንድ ውስጥ ከተወሰነ ቤት በላይ ያላቸው አፓርታማዎች የራሳቸው ማጣሪያ እንዲኖራቸው ግዴታ ተደርጎ እንዲህ አይነት ማጣሪያዎች በአገሪቱ በሺዎች ተሰርተዋል፣ በደንብ የሚሰሩ አሉ፣ ብዙዎቹ ግን በአግባቡ አይሰሩም። ምክንያቱ ግልፅ ነው። ሪል ስቴቱ ፈቃድ ለማግኘት ብሎ በጣም ርካሹን ይገጥማል፣ ቤቱን ሸጦ ይወጣል፣ ማጣሪያው ስለ ባክቴሪያ ምንም ለማያውቅ የነዋሪዎች ማህበር ይተላለፋል፣ ማህበሩ መብራት ለመቆጠብ ብሎወሩን ሌሊት ሌሊት ያጠፋል፣ ባክቴሪያው ይታፈናል፣ ውሃው ይሸታል፣ ነዋሪው ያማርራል፣ ከዛ በድብቅ በጎን ወደ ዝናብ መውረጃው ይለቀቃል። የመጀመሪያዎቹ አመታት ደግሞ ግማሹ ቤት ሰው ስላልገባበት ማጣሪያው የሚበላው አጥቶ ይራባል። የመንግስት ተቆጣጣሪም ጥቂት ሆኖ ሺህ ቦታ መድረስ አይችልም። በዚህ ሁሉ ውስጥ ነዋሪውን መውቀስ ፍትሀዊ አይደለም፣ ቤት የገዛው ለመኖር ነው፣ የማጣሪያ ጣቢያ ስራ አስኪያጅ ለመሆን አይደለም።

ጃፓንን ከዚህ ጋር አስተያዩት። ጆካሶ የሚባል ለአንድ ቤት ወይም ለጥቂት ቤቶች የሚሆን ትንሽ ማጣሪያ አላቸው፣ ከትልቁ ቱቦ ውጪ ያሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች በሱ ነው የሚኖሩት። በ1983 ለብቻው ህግ አወጡለት፣ የሚገጥመው ፈቃድ ያለው፣ የሚጠግነው ፈቃድ ያለው፣ ዝቃጩን የሚመጠው ፈቃድ ያለው ነው፣ በየአመቱ ደግሞ ከእነዚህ ውጪ የሆነ አካል መጥቶ ይፈትሻል፣ የመግጠሚያውን ወጪም መንግስት በከፊል ይደጉማል። የመፀዳጃውን ብቻ አጣርቶ ግራጫውን ዝም ብሎ የሚለቀውን አሮጌ አይነት ከ2001 ጀምሮ አዲስ መግጠም ከለከሉ። ሀምቡርግን እዩ፣ ማጣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ሀምቡርግ ቫሰር የሚባለው የከተማው የውሃ ድርጅት ራሱ ነው። ሄልሲንቦርግም እንደዛው፣ የአካባቢው የውሃ ድርጅት ነው የሚያንቀሳቅሰው። ነዋሪው ሂሳቡን ይከፍላል፣ ሽንት ቤቱን ይጠቀማል፣ አለቀ።

ለዛ ነው ማጣሪያው ይበተን ኃላፊነቱ ግን አይበተን የምለው። የውሃ ድርጅቱ ሃምሳ ትንንሽ ማጣሪያዎችን በሴንሰር ከአንድ ቢሮ እያየ፣ ጥቂት ኦፕሬተሮች በመኪና እየዞሩ፣ መለዋወጫው አንድ አይነት ሆኖ አንድ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ቢሰራ፣ ሃምሳ ማህበራት ሃምሳ አይነት ማሽን ይዘው ከሚታገሉት ጋር አይወዳደርም። ዝቃጩም ቢሆን የትም ይጣራ የት መጨረሻው ተሰብስቦ አንድ ቦታ መታከም አለበት፣ ስለዚህ ከማዕከል ሙሉ በሙሉ መለያየት የሚባል ነገር የለም።

ስለ ገንዘቡ በአጭሩ። ትንሽ ማጣሪያ በሜትር ኪዩብ ሲሰላ ከትልቁ ይወደዳል፣ ቁጠባው ያለው ባልተቀበረው ቱቦ፣ ባልተለቀቀው የመጠጥ ውሃ እና ሰፈር በሰፈር እያደገ ስለሚሰራ ስራ ፈቶ በማይተኛው ካፒታል ላይ ነው። ከባዱ ነገር የሚከፍለውና የሚጠቀመው አንድ አለመሆኑ ነው፣ ሁለተኛውን ቱቦ የሚከፍለው ሪል ስቴቱ ነው፣ የውሃ ሂሳብ የሚቀንስለት ነዋሪው ነው፣ ዋና መስመር ከመቅበር የሚድነው ከተማው ነው። ከተማው ያዳነውን በከፊል በማገናኛ ክፍያ ቅናሽ ካልመለሰ ማንም በፈቃዱ አይገባበትም። ማዳበሪያ ሸጦ ወጪ መሸፈንን ግን እርሱት፣ ከአንድ ሰው ሽንት በአመት የሚገኘው ናይትሮጅን 4 ኪሎ ገደማ ነው፣ ለአፈሩና ለወንዙ ትልቅ ነገር ነው፣ ለባንክ የሚቀርብ ቢዝነስ ፕላን ግን አይሆንም።

ሁሉም ቦታ ይሰራ ማለቴም አይደለም። መሀል ከተማ ላይ የሚሰራ ቱቦና ቦታ ያለው ጣቢያ ካለ እሱን መንከባከብ ይቀላል፣ እንደውም ብዙ ህንፃ ውሃውን እዛው አስቀርቶ ወፍራሙን ብቻ ወደ አሮጌው ቱቦ ከላከ ቱቦው ውሃ ያንሰውና ደለል ይይዛል። ትክክለኛ ቦታው አዲስ የሚሰራው ሰፈር፣ ከዋናው መስመር የራቀው ኮረብታ፣ ጣቢያው ሞልቶ ተጨማሪ መቀበል ያቃተው ከተማ ነው።

እንዲህ አይነት ሰፈር ውስጥ ቤት የምትገዙ ወይም ፕላኑን የምታፀድቁ ካላችሁ አረንጓዴ ከሚለው ማስታወቂያ ይልቅ ጠይቁ፣ በአስረኛው አመት ይሄን ማሽን የሚያንቀሳቅሰው ማነው፣ ደመወዙን ማን ይከፍላል፣ መብራት ሲጠፋ ፍሳሹ የት ይቆያል፣ ውሃውን ማን ይመረምረዋል፣ ውጤቱስ ለነዋሪው ይለጠፋል ወይ? መልስ ከሌለ ማሽኑ ምንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን አትቀበሉት።

ለከተሞች ደግሞ ገንዘብም ባይኖራቸው ዛሬውኑ ማድረግ የሚችሉት አንድ ነገር አለ፣ አዲስ የሚሰራ ህንፃ ሁሉ የመፀዳጃውና የግራጫው ውሃ መውረጃ ቱቦ ከላይ እስከ ምድር ቤት ለየብቻ እንዲሆን በህንፃ ደንባቸው ማስገባት፣ በሰፈሩ ፕላን ላይም የማጣሪያ ቦታ ቀድሞ መያዝ። ግድግዳው ገና ሳይለሰን ሁለተኛ ቱቦ መጨመር ከህንፃው ወጪ አንፃር ትንሽ ነገር ነው፣ ሰው ከገባ በኋላ ግን እያንዳንዱን መታጠቢያ ቤት ማፍረስ ነው። ማጣሪያው ከአምስት አመትም ከአስር አመትም በኋላ ሊመጣ ይችላል፣ እስከዛው ሁለቱ ቱቦዎች ከህንፃው ውጪ ማንሆሉ ላይ ተገናኝተው ወደነበረው መስመር ይሄዳሉ፣ ቀኑ ሲደርስ የሚቀየረው እዛ ማንሆል ላይ ያለው መገጣጠሚያ ብቻ ይሆናል።